ሂራዶን ለሂራዶዎች ያስተማሩት ሰውዬ

የዓለም ወደብ ሁሉ አንድ ዓይነት ሰው አይጠፋበትም። ጠዋት ከመርከብ ይወርዳል፤ ምሳውን ሳይበላ አገራችሁን አውቋታል፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ለእናንተው ለባለቤቶቹ ማስረዳት ይጀምራል። አያቶቻችሁ ስለተቀበሩበት ኮረብታ፣ እናታችሁ ስለምትሠራው ሾርባ፣ እናንተ ራሳችሁ ስለምታጎነብሱበት ምክንያት ከእናንተ ይልቅ እሱ ያውቃል። እንዲህ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም የሚል ወደብ ካለ፣ መርከብ ደርሶበት የማያውቅ ወደብ መሆን አለበት።

ለእኛዋ ወደብ ለሂራዶ የደረሷት ሊቀ ጠበብት ቲመን ነበሩ። ማዕረጉን የሰጣቸው የሰፈሩ ሰው ነው። የመጡትስ ቀይ ጠጉራም ከምንላቸው ከሌሎቹ ነጋዴዎች ጋር ከሩቅ አገር ከኦላንዳ፣ ሐር ሊለውጡና ለአገራቸው ባለጠጎች የሚሆን ዕቃ ሊያሠሩ ነው። ቁመታቸው ከበሮቻችን ስለሚበልጥ በገቡበት ቤት ሁሉ መጀመሪያ የሚሰማው ግንባራቸው ከጉበኑ ጋር ሲጋጭ ነው። ቀጥሎ የሚሰማው "አውቃለሁ፣ አውቃለሁ!" የሚለው ድምፃቸው።

ቋንቋችንን ያስተማረቻቸው ልብስ አጣቢያቸው፣ አሮጊቷ እማማ ኦቶራ ነች። በዚህ ምክንያት ያ ጢማም፣ ሲናገር መስኮት የሚያንቀጠቅጥ ግዙፍ ሰው የሚያወራው እንደ ባልቴት ነበር። ሲደነግጡ "ውይ በሞትኩት!" ይላሉ። ሲለምኑ "አፈር ስሆን" ይላሉ። ሁለት ሰይፍ የታጠቀውን የወደቡን ሹም በአደባባይ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ "እናት ዓለም" ብለው ጠርተውታል። ሹሙ ፊቱን ወደ ባሕሩ አዙሮ ረጅም ሳል ሳለ። ሳል እንዳልነበረ ሁላችንም እናውቃለን።

ሊቀ ጠበብትን ከማንም በላይ የተሸከመቻቸው ኦታኔ ነች። ኦታኔ ባሏ ሳሄይ ከሞተ ወዲህ ቅብ ቤቱን ይዛ የቀረች ሴት ነች። ኡሩሺ ከሚባለው ዛፍ የሚደማውን ሙጫ በእንጨት ሳጥንና ትሪ ላይ ትቀባለች፣ ታደርቃለች፣ ታሻሻለች፣ ደግማ ትቀባለች፤ ዕቃው እንደ ጥልቅ ኩሬ እስኪጠቁርና እስኪያበራ ድረስ። ወሬ አትወድም። በእሷ ቤት ቃል የሚወጣው እንደ ወርቅ ብናኝ ተቆንጥሮ ነው። ወርቁንና የዛጎሉን ቅንጣቢ የሚያሳርፈው የባሏ ታላቅ ወንድም ካንቤይ ነበር፤ እሱ ደግሞ ጠዋት የጀመረውን ማጉረምረም ማታ የሚያስቀጥል ሰው ነው።

ሊቀ ጠበብት መጀመሪያ የመጡ ቀን በጫማቸው ገቡ። ኦታኔ ምንጣፉን አየች፤ ጫማውን አየች።

"ጌታዬ፣ ጫማዎን ቢያወልቁ..."

"አውቃለሁ፣ አውቃለሁ! እናንተ ታወልቃላችሁ። በእግራችሁ ወለሉን ለማሞቅ ነው። ብልህ ሕዝብ ናችሁ!" አሉና ሳያወልቁ አለፉ።

ከዚያ ከመደርደሪያው ላይ አንድ የሩዝ ጠጅ፣ የሳኬ፣ ማቅረቢያ ትሪ አነሱ። ትሪው ጥቁር ነው፤ በአንድ ጥጉ ላይ የወርቅ ቅጠሎች አሉበት፤ ሌላው ዝም ያለ ነው። በወፍራም ጣታቸው ዝም ያለውን መሀል ነካ ነካ አደረጉት።

"እዚህ ጋ ምንድን ነው?"

"ምንም የለም" አለች ኦታኔ።

"አየሽ! ምንም የለም! ወርቁ አለቀባችሁ? አፈር ስሆን አትደብቂኝ።"

"አላለቀም። ይበቃዋል ብለን ነው።"

"አይበቃውም፣ እናት ዓለም! የእኔ አገር ሰው ባዶ ቦታ ካየ 'አታለሉኝ' ነው የሚለው!"

በዚያው ቀን አንድ ትልቅ ሳጥን አዘዙ። በሳጥኑ ላይ ሐረግ ይኑር፤ በሐረጉ መሀል በቀቀን ይኑር፤ አጋዘን፣ ማራገቢያ፣ የአበባ ዘንቢል፣ ነብርም ይኑር። ካንቤይ ሲሰማ ብሩሹን አስቀመጠ።

"ነብሩ የት ሊቆም ነው? በቀቀኑ ላይ?"

"ከበቀቀኑ በላይ ቦታ አለ!"

"እኔ ነብር አይቼ አላውቅም።"

"እኔ አይቻለሁ። ድመት ማለት ነው። ድመት፣ ግን የተቆጣ።"

ካንቤይ ምን ያድርግ፣ አሣ ሲሰርቅ ያባረረውን የጎረቤት ድመት እያሰበ ሠራው። ነብሩ ዛሬ በአንድ የኦላንዳ ባለጠጋ አዳራሽ ውስጥ፣ በዛጎል ዓይኑ፣ ዱላ እየጠበቀ ቆሟል። ሊቀ ጠበብት ሲያዩት እንባቸው መጣ። "ውይ በሞትኩት! ይኸው ነብር!" አሉ።

ምክር አይሰሙም። ኦታኔ "ይህን አይንኩት፣ ጥሬ ሙጫ ነው፣ ያሳብጣል" ስትላቸው "አውቃለሁ፣ ጥቁር ማር ነው" ብለው ጣታቸውን ነክረው አሸተቱት፤ በዚያው ጣት አፍንጫቸውን አሻሹ። በነጋታው ፊታቸው እንደ ዱባ አብጦ ዓይናቸው ጠፋ። ኦታኔ የሙጫው መድኃኒት ነውና ሸርጣን ቀቅላ በውሃው ስታጥባቸው፣ በዱባው መሀል ካለው ቀዳዳ ድምፅ ወጣ፦ "የእናንተ አገር ትንኝ ክፉ ነው።"

ሥዕል ቤት ገብተው በወርቅ ደመና የተሸፈነ ከተማ ያለበት መጋረጃ አዩና ለሠዓሊው አዘኑለት። "ምስኪን፣ ሲስል ጭጋግ ነበር" አሉ። የመቅደሱ መነኩሴ ከሁሉ የሚያስበልጠውን አሮጌ የሻይ ጽዋ፣ ጠማማውን፣ ስንጥቁ በወርቅ የተጠገነውን፣ በሁለት እጁ ይዞ ሲያሳያቸው ግን ዝም አሉ። ሊቀ ጠበብት ዝም ሲሉ ስናይ የመጀመሪያችን ነበር። መነኩሴው "ገባቸው" ብሎ ደስ አለው። በማግስቱ ከኦላንዳ የመጡ፣ እጀታ ያላቸው፣ የሚያብረቀርቁ አዳዲስ ኩባያዎች በቅርጫት ሞልተው ላኩለት። ተላላኪው የተነገረውን እንደወረደ አደረሰ፦ "ድህነት አያሳፍርም ብለዋል።" መነኩሴው ኩባያዎቹን ደጁ ላይ ደርድሮ አበባ ተከለባቸው። ስለ ሰውዬው ክፉ የሚናገር ሲመጣ ግን ወደ አበቦቹ እያመለከተ "ቸር ሰው ነው" ይል ነበር።

ከሁሉም የሙታን በዓሉ ይብሳል። በዚያ በዓል የሞቱ ዘመዶቻችን ሊጠይቁን ይመጣሉ፤ ከተማው ይጠረጋል፣ ምግብ ይቀርብላቸዋል። ሊቀ ጠበብት አክብሮታቸውን ለማሳየት የእኛን ልብስ አሰፉ። ማንም እንዳያለብሳቸው ከለከሉ፤ ያውቁበታላ። የቀኙን ጎን በግራው ላይ ደርበው አሰሩና በመሸ ጊዜ ፀሐይዋን ከኋላቸው አድርገው ወደ መቅደሱ ሽቅብ ወጡ። በእኛ ዘንድ ቀኙን በግራው ላይ ደርቦ የሚለብሰው ሬሳ ብቻ ነው። ለበዓሉ የመጡት ሴቶች እንዳዩአቸው ወደ መሬት ተደፉ። ከመሀላቸው አንዲት ዓይኗ የደከመ አሮጊት ተንፏቃ መጥታ የልብሳቸውን ጫፍ ያዘች።

"ባሌን አየኸው? ጎሮዙን፣ ጀልባ ሠሪውን?"

"አውቀዋለሁ፣ አውቀዋለሁ!" አሉ ሊቀ ጠበብት። "በጣም ደህና ነው። ሰላም ብሎሻል።"

አሮጊቷ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ ይወስዳት ጀመር። ታዲያ ማን ይንገራት? ለእሳቸውስ ማን ይንገራቸው?

ይህን ሁሉ ኦታኔ ስትሰማ ከንፈሯን ነክሳ ወደ ጓዳ ትገባለች፤ ካንቤይም ጓዳው ውስጥ ትከሻዋ ሲርገፈገፍ ያያታል። አንድ ቀን ግን አልሳቀችም። ሊቀ ጠበብት መደርደሪያውን ሲያተራምሱ በጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ ሳጥን አገኙ፤ ሳሄይ መጨረሻ የሠራው ነው። ጥቁር ነው፤ ከታች በኩል ነፋስ ያጎበጠው አንድ የሣር ዘንግ ብቻ አለበት። ገልብጠው አዩት፤ አገላብጠው አዩት።

"ውይ፣ ምስኪን" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "አውቃለሁ። ሳይጨርሰው ሞተ።"

ኦታኔ ሳጥኑን ከእጃቸው ወሰደች።

"ጨርሶት ነው የሞተው" አለች።

በጨርቁም መልሳ ጠቀለለችው። ሊቀ ጠበብት ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። ካንቤይ ከኋላ ሆኖ በቁጣ ዓይን አያቸውና አፋቸውን መልሰው ዘጉ፤ ሲወጡም ጉበኑ እንደልማዱ ግንባራቸውን መታቸው። ለብዙ ሳምንታት "ሰውዬው መጡ" ሲባል ኦታኔ በጓሮ በር ትወጣ ነበር።

በዚያው መኸር ከባሕሩ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ ተነሣ። እኩለ ቀን ላይ ሰማዩ ጨለመ፤ የጣሪያ ክዳን እንደ ወፍ መብረር ጀመረ። ቀይ ጠጉራሞቹ ከወደቡ በላይ የገነቡት የድንጋይ መጋዘን ነበራቸው፤ ግድግዳው እጅግ ወፍራም ስለሆነ ውስጡ ነፋስ መኖሩም አይሰማም። ሁሉም እዚያ ገብተው በሩን ቀርቅረዋል። የኦታኔ ቤት ግን እንጨትና ወረቀት ነው። ቅቡ የሚደርቀው በእርጥብ አየር ነውና የዓመት ሥራዋ በእርጥቡ ቁም ሣጥን ውስጥ ለመድረቅ ተደርድሯል፤ አቧራና ውሃ ከነካው አለቀለት። እሷና ካንቤይ የፊቱን በር በጀርባቸው ደግፈው ቆመዋል፤ በሩ እንደ ሸራ ይነፋል፣ እግራቸው ይንሸራተታል።

በሩ ተመታ። ነፋሱ መሰላቸው። እንደገና ተመታ፤ በትንሹ ቢከፍቱት ጉበኑ ላይ ግንባር ሲጋጭ ተሰማ።

ሊቀ ጠበብት ነበሩ። ባርኔጣ የለ፣ አንድ ጫማ የለ፣ ጢማቸው ውሃ ያንጠባጥባል። ያን ሁሉ ቁልቁለት በዚያ ነፋስ ውስጥ በእጅና በእግራቸው ወርደው መጡ። ለምን እንደመጡ ለመናገር እንኳ ትንፋሽ አልበቃቸውም፤ ግን ተናገሩት።

"ይህ ቤት ይወድቃል! ልነግራችሁ ነው የመጣሁት! ቤት በድንጋይ ነው የሚሠራው!"

ካንቤይ ጮኸ፦ "ይህን ለመናገር ነው እንዴ የወረዱት?"

"ታዲያስ!"

ብለው ገፋ አደረጓቸውና ያን እንደ ግንድ የሰፋ ጀርባቸውን በሩ ላይ አስደገፉ። በሩ ጸጥ አለ። ከዚያ ነፋሱ እስኪበርድ ድረስ፣ ቀኑ እስኪያልቅ ድረስ፣ ሊቀ ጠበብት ከበሩ አልተነቃነቁም፤ አፋቸውም አልተዘጋም። ምሰሶው ቀጭን ነው፣ ጣሪያው ከባድ ነው፣ ወረቀት ግድግዳ አይሆንም፣ ይህ ቤት አሁን ይወድቃል፣ ኋላ እንዳትቆጡኝ።  ከጀርባቸው ሸሚዙ ተቀድዶ ደም ይታያል። ኦታኔ የሞቀ የባቄላ ሾርባ አምጥታ በእጇ ስታጠጣቸው፣ በአንዱ ጉንጭና በሌላው መሀል "ድንጋይ!" ይሉ ነበር።

ቤቱ አልወደቀም። ከቁም ሣጥኑ ውስጥ ካለው ዕቃ አንዱም አልተነካ። ከዚያ ቀን ወዲያ ኦታኔ በልቧ አንቱታውን ተወችው፤ እንግዲህ እኛም እንተወዋለን።

ቲመን ስለ ባዶ ቦታ መጨቅጨቁን አልተወም። ጫማውን ግን ማውለቅ ጀመረ፤ "ወለሉ ቀዝቅዞባችኋል" እያለ። ኦታኔም በጓሮ በር መውጣት ተወች። እሱ ከደጅ "ውይ በሞትኩት፣ ምን ዓይነት ቁልቁለት ነው!" እያለ ሲመጣ ሾርባውን እሳት ላይ ታደርጋለች። ስትስቅም ጓዳ አትገባም፤ ፊት ለፊቱ ትስቃለች፣ እሱም ምን እንዳሳቃት የሚያውቅ ይመስል አብሯት ይስቃል።

እንዲህ ሆነን ሳለ ከበላይ ትእዛዝ መጣ። ቀይ ጠጉራሞች ከሂራዶ ይነሡ፤ ናጋሳኪ ሄደው በአንዲት ጠባብ ደሴት ላይ ተዘግተው ይነግዱ። የድንጋይ መጋዘናቸውንም ራሳቸው ያፍርሱት። ምክንያቱን ሹማምንቱ ያውቃሉ። እኛ የምናውቀው ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲወድቅ የሚሰማው ድምፅ እስከ ወደቡ ድረስ መድረሱን ነው። ቲመን ኮቱን አውልቆ ከአፍራሾቹ ጋር ዶማ ይዟል።

መጋዘኑ ከመሬት ጋር ሲስተካከል ካንቤይ ከሥራው ቀና አለ።

"በይ እንግዲህ" አላት ኦታኔን። "ይህን ሁሉ ዓመት 'ድንጋይ፣ ድንጋይ' ሲልሽ ኖሯል። የእኛው ወረቀት ቆሟል። ዛሬ ካልተናገርሽው መቼ ልትናገሪው ነው?"

ኦታኔ እጇን ታጥባ ሽቅብ ወጣች። ሰፈሩም የምትለውን ለመስማት አንገቱን አሰገገ። ቲመን ፍርስራሹ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ያ ትልቅ ሰው እንዴት አንሶ እንደነበር! ጢሙ በአቧራ ነጭ ሆኗል። አጠገቡ ያለ ድንጋይ ጠራርጋ ተቀመጠች።

"ግሩም ግንብ ነበር" አለችው።

ቲመን ራሱን ነቀነቀ። አውቃለሁ አላለም።

 ከታች ጀልባዎቹ በርሜልና ሣንዱቅ ይጭናሉ፤ የእሱም ሣንዱቅ እዚያ ነው። ደረቷ ግራጫ የሆነ አንዲት ትንሽ ወፍ መጥታ ከፊታቸው አንድ ድንጋይ ላይ ቆመች፤ ጅራቷን ነቀነቀች፣ ጥቂት ጮኸች። ቲመን ትኩር ብሎ አያት። ከዚያም ባልተለመደ፣ ዝግ ባለ ድምፅ ተናገረ።

"ኦታኔ። ይህቺን ወፍ ምን ትሏታላችሁ?"

ኦታኔ ወደ እሱ ዞረች። ይህ ሰው በሂራዶ በኖረበት ዘመን ሁሉ መልስ ሊሰማ ብሎ ሲጠይቅ ሰምታው አታውቅም። አሁን ጠየቃት፤ የጠየቃት ደግሞ የማታውቀውን ነው። እሷ ቅብ ሠሪ ናት፣ ወፍ ምኗም አይደለም። "አላውቅም" ልትል አፏን ከፈተች፤ ግን ፊቱን ስታየው አልቻለችም።

"የድንጋይ አልቃሽ ነው የምንላት" አለችው፣ ዓይኗን ሳታርገበግብ። "ሌላ ጊዜ አትታይም። ጥሩ ግንብ ሲፈርስ ብቻ ነው የምትመጣው።"

ቲመን ወፏን አየ፤ ፍርስራሹን አየ።

"አላውቅም ነበር" አለ።

ጀልባዋ ከወደቡ ስትወጣ ሰፈሩ ሁሉ ቆሞ ነበር። እማማ ኦቶራ ንጹሕ ሸሚዞቹን በጨርቅ ቋጥራ ሰጠችው፤ መነኩሴው ከደጁ አበባ ቀጥፎ ሰጠው። ኦታኔ ምንም አልሰጠችም፤ እጇን አጣምራ ቆማ ነበር። ቲመን ጀልባዋ ላይ ቆሞ፣ መቀዘፊያው እንዴት መያዝ እንዳለበት ለቀዛፊዎቹ ሲያስረዳቸው ድምፁ ከአለቱ ወዲያ ማዶ እስኪጠፋ ድረስ ተሰማ።

ከዚያ በኋላ ሂራዶ ጸጥ አለች። ሱቆቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። ኦታኔ ለአሣ አጥማጆች ሳህንና ለሠርግ የሚሆን ትሪ እየቀባች ኖረች። ከማንም ይበልጥ ከቀይ ጠጉራሞቹ ጋር የሠራችው እሷ ስለሆነች፣ ሴቶቹ በመታጠቢያ ቤቱ ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲሰበሰቡ ስለ ኦላንዳ የሚጠይቁት እሷን ሆነ። መጀመሪያ በአጭሩ ትመልስ ነበር። ቀስ በቀስ ረዘመ።

አንድ ቀን ከናጋሳኪ የመጣች ማበጠሪያ ሻጭ አብራቸው ገብታ ነበር።

"በኦላንዳ" ትላለች ኦታኔ፣ "ባሕሩ ከመሬቱ በላይ ነው። ሰዎቹ ከሥር ይኖራሉ፣ ዓሣው ከራሳቸው በላይ ያልፋል። የአፈር ግድግዳ ሠርተው ያቆሙታል። ብርድ ሲመጣ ደግሞ ወንዙ ደንድኖ እንደ ጎዳና ይሆናል፤ ከትልቅ እስከ ትንሽ ብረት ተጫምቶ ይንሸራተትበታል፣ ዳኛው ሳይቀር።"

ማበጠሪያ ሻጯ በሳቅ ውሃ ዋጠች።

"እትዬ፣ እኔ እኮ የናጋሳኪ ልጅ ነኝ! ቀይ ጠጉራም ጠዋት ማታ ነው የማየው። ባሕር ከመሬት በላይ? ዳኛ ሲንሸራተት? ማነው እንዲህ የቀለደብሽ?"

ይህንኑ ታሪክ ቲመን የነገራት ቀን ኦታኔ ሆዷን ይዛ ስቃበት ነበር፤ ካንቤይም "ውሸት እንኳ ልክ አለው" ብሎት ነበር። አሁን ግን ከውሃው ውስጥ እስከ ወገቧ ብድግ አለች።

"አንቺ ሄደሽ አይተሻል?"

"አላየሁም፣ አንቺስ አይተሻል?"

"እኔ እዚያ ዘመድ አለኝ።"

"ኦላንዳ?"

"ኦላንዳ።"

 ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ የሳቀ የለም። ማበጠሪያ ሻጯም አንገቷን ደፋች፤ ቆይታ ዝግ ባለ ድምፅ፣

"ምን ዓይነት ሰው ነው?" አለቻት።

ኦታኔ ተመልሳ እስከ አንገቷ ውሃው ውስጥ ገባች።

"ለፍላፊ ነው" አለች። "አንዴ ከጀመረ የሚያቆመው የለም።"

ብላም ስለ እሱ ማውራት ጀመረች፤ ውሃው እስኪቀዘቅዝ ድረስም አላቆመች።